እንግዳና ጎብኚ፤ ሀገርን የማስጎብኘት ሥራ በኢትዮጵያ እንዴት እንደ ተጀመረ

በሀገራችን ልማድ እንግዳ ማለት ማታ ደጅ ደርሶ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ የሚጣራ፣ እግሩን ታጥቦ ከመሶቡ የሚቀርብ፣ መደብ ተነጥፎለት የሚያድር፣ በማግሥቱም ቤቱን መርቆ መንገዱን የሚቀጥል ሰው ነው። ዋጋ የሚጠይቀው የለም፤ የጠየቀውም ቢኖር በመንደሩ ዘንድ መነጋገሪያ ይሆናል። ሀገር ጎብኚ ወይም ቱሪስት የምንለው ግን ሌላ ዐይነት እንግዳ ነው። ለአልጋው፣ ለምግቡ፣ መንገድ ለሚመራው፣ ለሚጋልባት በቅሎ ይከፍላል፤ እንደሚከፍልም አስቀድሞ አውቆ ከቤቱ ይነሣል። ዛሬ ልገልጽላችሁ ያሰብሁት ነገር የመጀመሪያውን እንግዳ ከጥንት ጀምሮ ሲቀበል የኖረ ሕዝብ ሁለተኛውን መቀበል እንዴት እንደ ጀመረ፣ ከዚህም ሥራ ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለአባቶቻችን ቀላል አልነበረም። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ ማብቂያ ላይ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቆሙ ጊዜ ሰው ከፍሎ መብላትን አፍሮ ቤቱ ባዶ ሆኖ እንደ ነበረ፣ ዳግማዊ ምኒልክም መኳንንቱን ይዘው ሄደው ከተበላና ከተጠጣ በኋላ እያንዳንዱ ሒሳቡን እንዲከፍል እንዳደረጉ ሲነገር የኖረ ወግ አለ። ወጉ ከተራኪ ወደ ተራኪ ሲሸጋገር መልኩን ይለውጣል፤ የነገሩ ፍሬ ግን አይጠፋም። በዚያን ጊዜ አዲስ የሆነው ሕንፃው ሳይሆን ሒሳቡ ነበረ። ሕንፃውስ በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር ቃጠሎ ደርሶበት ከፊሉ ቢጎዳም ከነስሙ እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ይህ ንግድ ከሌላው ንግድ የሚለይበትን ጠባይ በመጀመሪያ እንመልከት። ቡና ከጅማ ወይም ከሲዳማ ተነሥቶ፣ ተለቅሞና ተበጥሮ፣ በጆንያ ተሰፍቶ በጂቡቲ ወደብ በኩል ገዥው ወዳለበት ይሄዳል። ላሊበላ ግን አይጫንም። ገዥው ራሱ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ ያያል፤ ይደነቃል፤ ዋጋውን ከፍሎ ሸቀጡን እዚያው ትቶት ይመለሳል። በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ለሌላ ሰው ማሳየት ይቻላል። እርግጥ ከሐውልቶቻችን አንዱ፣ የአክሱሙ፣ በ1929 ዓ.ም. ተጭኖ ሮማ ደርሶ ነበር፤ ያ ግን ዝርፊያ እንጂ ንግድ አልነበረም። ተመልሶ የመጣው በ1997 ዓ.ም.፣ በስፍራው የቆመውም በ2000 ዓ.ም. ነው።

ሸቀጡ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ገንዘቡ በየትኛው እጅ እንደሚቀር መጠየቅ ይገባል። ጠዋት በአይሮፕላን ደርሶ ከቀትር በኋላ የሚመለስ ጎብኚ ለአይሮፕላኑና ለመግቢያው ይከፍላል። ከተማው ከእርሱ የሚያገኘው እምብዛም ነው። አንድ ሌሊት ያደረ እንደ ሆነ ግን እራት ይበላል፤ እንቁላሉና ወተቱ ከአካባቢው ይገዛል፤ አንሶላውን የምታጥብ ሴት ደመወዝ ታገኛለች፤ ማታ ጠጅ ቤት ገብቶ አዝማሪ ይሸልማል። ሁለተኛ ሌሊት ቢጨምር በማግሥቱ በቅሎ ተከራይቶ ወደ አሸተን ማርያም ይወጣል፤ ባለ በቅሎውም ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባበታል። በአንጻሩ ደግሞ ለጎብኚው ቁርስ የሚቀርበው ቅቤና ማርማላታ፣ ማታ የሚጠጣውም ውስኪ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ከሆነ፣ በአንድ እጅ የገባው በሌላው ይወጣል። ስለዚህ የዚህን ሥራ ታሪክ በጎብኚዎች ቁጥር ሳይሆን በሌሊቶች ቁጥር ማንበብ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሀገራችን በባዕዳን ዘንድ ሳትታወቅ ቆይታ ኋላ የተገለጠች አይደለችም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1512 ዓ.ም. ከመልእክተኞች ጋር ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል ሲቆይ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይቷል። ያየውንም ጽፎ፣ ከዚህ በላይ ብዘረዝር የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ እንደ ሠጋ ራሱ ተናግሯል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ፣ በተከታዩም ዓመት ግሽ ዓባይን አይቶ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ወሬውን ያልተቀበሉት ብዙዎች ነበሩ። እንግዲህ ዝናው ከጥንት ጀምሮ ነበረ ማለት ነው። ዝና ግን አልጋ አያነጥፍም። እነዚያ መንገደኞች የመጡት በነገሥታት ፈቃድ፣ የኖሩትም በነገሥታትና በመኳንንት ቀለብ ስለ ነበረ፣ ከመምጣታቸው መንደርተኛው ያተረፈው ድርጎ ማዋጣት ብቻ ነበር።

ነገሩን የለወጠው አይሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ሁላችንም የምንኮራበት የባሕር ማዶው በረራ ነው፤ ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው ግን የሀገር ውስጡ ነው። ከጦርነት የተረፉት ባለ ሁለት ሞተር ዲሲ ሦስት አይሮፕላኖች ሜዳ ባገኙበት ያርፉ ስለ ነበር፣ አስፋልት ያልደረሰበት አውራጃ ሁሉ ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ቀን ተገናኘ። ከሰሜኑ አውራ ጎዳና ተገንጥሎ ላሊበላ ለመድረስ በበቅሎ ቀናት ይፈጅ ነበር። በእግር የሚሄደውን ተሳላሚ ይህ አያስቸግረውም፤ እንዲያውም ድካሙ ከበረከቱ ይቆጠርለታል። ከኒው ዮርክ ወይም ከለንደን የሁለት ሳምንት ዕረፍት ተቀብሎ የተነሣ ሰው ግን ከዕረፍቱ እኩሌታውን በበቅሎ ጀርባ ላይ ሊፈጅ አይችልም። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአንድ ጉዞ የሚታዩ ሆነው «ታሪካዊው መሥመር» የሚባለው ነገር የተወለደው እንዲህ ነው። መሥመሩን የሠራው የታሪክ ጸሐፊ ሳይሆን የበረራ ሰዓት ያወጣው ሰው ነው ብል አላጋነንሁም።

በ1954 ዓ.ም. ገደማ ሀገርን የማስጎብኘት ሥራ ራሱን የቻለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆኖ ተቋቋመ። የመሩትም አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ነበሩ። እኒህ ሰው በ2009 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት እየተባሉ ኖረዋል፤ ማዕርጉም የሚገባቸው ነው። ከሥራቸው ሁሉ የታወቀው በእንግሊዝኛ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» ያሉት የማስታወቂያ ቃል ነው። ነገሩን ቀረብ ብለን ብናየው ብልሃቱ ያስደንቃል። ባለ ሠላሳ ቀን አሥራ ሁለት ወር፣ ከዚያም አምስት ወይም ስድስት ቀን ጳጉሜን የያዘው የዘመን አቈጣጠራችን ለባዕድ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። አቶ ሀብተ ሥላሴ ግራ የሚያጋባውን ነገር የሚያጓጓ አደረጉት። በአማርኛም «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» ተባለ፤ ፀሐይ ለእኛ ብርቅ ስላልሆነች ይመስለኛል ቃሉ ወደ ጸጋ የዞረው።

በቃሉ ላይ ግን ሰማይ ራሱ ያሾፍበት ነበር። የላሊበላ የአይሮፕላን ማረፊያ በዚያ ዘመን የአፈር ሜዳ ስለ ነበረ ክረምት ሲገባ ጭቃው አይሮፕላን አያሳርፍም ነበር። በዓመት አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለ ተብሎ የመጣ ጎብኚ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ቢደርስ፣ ሊያየው ከመጣው ነገር ዋናውን ሳያይ ይመለሳል። ማስታወቂያ የሚያወጣውና ሜዳ የሚያስጠርገው መሥሪያ ቤት የተለያዩ መሆናቸውን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የሆነ ሆኖ በእነዚያ ዐሥር ዓመታት ውስጥ ብዙ ነገር ተገጣጠመ። የልደታው ሜዳ ለጄት አይሮፕላን ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ፤ አየር መንገዱም በ1955 ዓ.ም. በጄት መብረር ጀመረ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመርቆ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ግንቦት 17 ቀን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲቋቋም ከተማዋ የስብሰባ ከተማ ሆነች። ተሰብሳቢ ደግሞ አልጋ ይፈልጋል፤ በ1960ዎቹ መግቢያ የተከፈተው ሒልተን ሆቴል የዚህ ፍላጎት ልጅ ነው። ለስብሰባ የመጣ ሰው ጉባኤው ካበቃ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ጨምሮ ጎንደርን ወይም አክሱምን እንዲያይ ማድረግ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣውን ከማግባባት እጅግ የቀለለ ነው። ላሊበላም ውስጥ ልዕልት ሩት ደስታ ያሠሩት ሰባት ወይራ ሆቴል ተከፍቶ ጎብኚው እዚያው የሚያድርበት ስፍራ ተገኘ። ከላይ ስለ ሌሊት ያነሣሁት ነገር በላሊበላ ከተማ ሥራ ላይ የዋለው ከዚህ ወዲያ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የዘመኑ ሰዎች ሊመሰገኑበት የሚገባው ጉዳይ ግን ብዙ የማይወሳ ነው። ሰው ከማብዛታቸው ጋር ድንጋዩን ለመጠበቅም አስበዋል። ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ጣሊያናዊው የሕንፃ ባለሙያ ሳንድሮ አንጀሊኒ፣ ለዓለም ቅርሶች ጥገና ከተቋቋመ አንድ የአሜሪካ ድርጅት በተገኘ ርዳታ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ሲጠግኑ ቆዩ። ከሥራቸው ዋናው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነበር፤ ቀደም ብሎ በበጎ ሐሳብ በድንጋዩ ላይ የተቀባውን ሬንጅና የተለጠፈውን ሲሚንቶ እየፋቁ ማውረድ፣ ስንጥቁን መድፈን፣ ውሃው የሚወርድበትን ቦይ መጥረግ። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ፎቶግራፍ አይነሣም፤ ጎብኚውም አያየውም። ነገር ግን የማስታወቂያው ቃል የሚሸጠው ይህን ድንጋይ ነው።

በሰሜን ተራሮችም እንዲሁ ሆነ። ዋልያ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኝ እንስሳ ስለ ሆነ የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1950ዎቹ ማብቂያ ታስቦ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ጸና። የደባርቅ ሰው መሪ፣ ዘበኛ፣ ባለ በቅሎና ወጥ ሠሪ ሆኖ ሥራ አገኘ። ፓርኩ ውስጥ ገብስ ይዘራና ከብቱን ያሰማራ የነበረው ገበሬ ግን ከዋልያው ጋር በምን ውል እንደሚኖር በጊዜው አልተወሰነም። ውሳኔው ሲጓተት ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ ቀበሌ ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። በዓለም አቀፍ ጉባኤ ፊት ይህ መልካም ዜና ነው። ካሣውን ይዞ ከተማ የገባው ገበሬ ግን የሚያውቀው ሞፈርና ቀንበር ነበር፤ በዚያ ዕድሜው የከተማ ኑሮ እንደ አዲስ መማር ነበረበት። ሁለቱንም በአንድነት ማየት የሚገባን ይመስለኛል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የተገጣጠመው ሁሉ ተበታተነ። የጎብኚው ቁጥር በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ፤ ከዚያም ጦርነቱ በሰሜንም በምሥራቅም ሲቀጣጠል አክሱምና ላሊበላ ለረዥም ዓመታት ከጉብኝት ርቀው ኖሩ። የመጣውም ጎብኚ በመንግሥት አስጎብኚ በኩል፣ በተፈቀደለት መንገድ ብቻ ይሄድ ነበር። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን አንድ ሥራ ሊዘነጋ አይገባውም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርሶችን መዝገብ ሲከፍት፣ በመጀመሪያ ከተጻፉት 12 ስፍራዎች ሁለቱ፣ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች፣ የኢትዮጵያ ነበሩ። ቀኑም በ1970 ዓ.ም. ጳጉሜን ውስጥ ዋለ፤ አሥራ ሦስተኛዋ ወር ላይ መሆኑ ነው። በ1972 ዓ.ም. የጎንደር የፋሲል ግቢ ተከተለ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሰነዱን ያዘጋጁት፣ ካርታውን የነደፉት፣ ደብዳቤውን የተጻጻፉት ሠራተኞች ይህን ያደረጉት ጎብኚ በሌለበት ወቅት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መንገዱ እንደ ገና ተከፈተ። የግል አስጎብኚዎች ተበራከቱ፤ በየከተማው ሆቴል ተሠራ፤ የላሊበላም ሜዳ ወደ ዘመናዊ ማረፊያ ተለውጦ የክረምቱ ነገር አበቃ። በ2008 ዓ.ም. የአቶ ሀብተ ሥላሴ ቃል በ«ምድረ ቀደምት» ተተካ፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮም የመግቢያ ፈቃድ በኢንተርኔት የሚገኝ ሆነ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ጠቀመ ብትሉኝ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጎብኚው በመጀመሪያ የሚያገኘው ኢትዮጵያዊ የላሊበላ ቄስ ወይም የጎንደር መሪ አይደለም፤ መስኮት ኋላ ተቀምጦ ፓስፖርቱን የሚያየው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ያ ሠራተኛ ፊቱን ቢያጠቁር ወይም መስኮቱን ዘግቶ ቡና ሊጠጣ ቢወጣ፣ በጥሩ ወረቀት የታተመው ሥዕል ሁሉ የተከፈለበትን ዋጋ ያጣል። መስኮቱን ያሳጠረ ሰው ከመፈክር ደራሲ የሚያንስ አይደለም።

በላሊበላ ድንጋዩ ራሱ ሌላ ጥያቄ አንሥቷል። ዝናቡን ለመከላከል ተብሎ በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በከፊሉ ላይ ታላላቅ የብረት ጣራዎች ተተከሉ። ጊዜያዊ መጠለያ ይሁን ተብሎ የቆመው ሲቆይ፣ ምእመናኑና ካህናቱ የብረቱ ክብደት ዐለቱን እንዳይጎዳው ሠጉ፤ በ2011 ዓ.ም. ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ሥጋቱን አሰማ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ላሊበላን ጎብኝተው ለጥገናው ርዳታ ቃል ገቡ። የሬንጁን ታሪክ የሚያውቅ ሰው የጣራውን ታሪክ ሲሰማ አይደነቅም።

ከዚያ በኋላ የደረሰውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር የኮሮና በሽታ ገብቶ በረራ ተቋረጠ፤ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። ላሊበላ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በጦርነቱ ተይዛ ለወራት ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። የጦርነቱ ስምምነት በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን በፕሪቶሪያ ተፈረመ፤ ነገር ግን ዓመቱ ሳያልቅ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። በእነዚህ ዓመታት በሆቴል ለመሥራት ብድር የወሰደው ባለ ሀብት፣ ቋንቋ ተምሮ መሪ የሆነው ወጣት፣ መስቀልና ጥበብ የሚሸጠው ባለ ሱቅ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሥራ ፈቱ። ቡና በመጋዘን ሆኖ የተሻለ ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ያላደረ እንግዳ ሌሊት ግን ተጠራቅሞ በሚቀጥለው ዓመት አይሸጥም። ገበሬው ሚስቱ የምትፈትለው፣ ራሱም የሚያርሰው ነገር ስላለው ክፉውን ቀን ያልፈዋል። አንድን ከተማ በሙሉ በጎብኚ ብቻ ማሳደር ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ ከላሊበላ የበለጠ ምስክር ያለ አይመስለኝም።

በመዲናዋ በ2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ ተከፍቷል፤ በጎርጎራ፣ በወንጪና በሃላላ ኬላም የማረፊያ ስፍራዎች ተሠርተዋል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹን የሚጎበኘው የሀገሩ ሰው ነው፤ ይህም ሥራውን ከባዕድ ዐይን ብቻ እንዳይጠብቅ ያደርገዋል። ነገር ግን የሀገሩ ሰው ጉብኝት አዲስ ፈጠራ እንዳይመስለን። ለኅዳር ጽዮን ወደ አክሱም፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል ወደ ቁልቢ፣ ለመስከረም 21 ወደ ግሸን፣ እንዲሁም ወደ ሼኽ ሑሴን የሚጓዘው ሕዝብ መሥሪያ ቤት ሳይቋቋም፣ ማስታወቂያ ሳይወጣ በየዓመቱ ይጓዝ ነበር። ስንቁን ተሸክሞ ይመጣል፤ ከሥፍራው ጧፍና ዕጣን ይገዛል፤ በድንኳን ወይም በሜዳ ያድራል። እንግዳም ጎብኚም ልንለው እንችላለን።

በ2014 ዓ.ም. የገና በዓል ላሊበላ ከጦርነቱ ከወጣች ገና ሳምንታት ብቻ ነበሩ። ከተማዋ ብዙ ጎድሎባታል፤ የውጭ ጎብኚም አልተመለሰም። የበዓሉ ተሳላሚ ግን ከየአውራጃው በእግሩና በመኪና ተሰብስቦ፣ ከባሕር ማዶም የመጡ ወገኖች ተጨምረውበት፣ በቤተ ማርያም ዙሪያ ዝማሬው ሲቀርብ በዐለቱ አፋፍ ላይ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። አብዛኛው ነጠላውን ለብሶ በግቢው ውስጥና በየሜዳው ስላደረ በማንም ሆቴል የእንግዳ መመዝገቢያ ደብተር ላይ ስሙ አልሰፈረም።